ሙዚቃና ውዝዋዜ ልጆችን ጎበዝ ያደርጋሉን? ከአትላንታ የትምህርት ቤት መድረኮች በስተጀርባ ያለው ሳይንስ

በአሜሪካ ሚድል ስኩል በመባል የሚታወቀው የመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከ6ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉ፣ ዕድሜያቸው በአብዛኛው ከ11 እስከ 14 ዓመት የሆነ ልጆችን ያስተምራል። በአትላንታና በአካባቢዋ በሚገኙ እንዲህ ያሉ ትምህርት ቤቶች ከገና ዕረፍት በፊትና የትምህርት ዘመኑ ሊዘጋ ሲቃረብ የባንድ፣ የኦርኬስትራ፣ የመዘምራንና የውዝዋዜ ተማሪዎች ለወራት ሲለማመዱ የቆዩትን ይዘው መድረክ ላይ ይወጣሉ። በክላርክስተን፣ በዲኬተር፣ በተከርና በስቶን ማውንቴን ከሚኖሩት በርካታ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ብዙዎቹ በእነዚህ ምሽቶች ከተመልካቾች መካከል ይገኛሉ።

ይሁን እንጂ ከመድረኩ በፊት የሚመጣ አንድ ውሳኔ አለ። ተማሪው በምርጫ ከሚወሰዱት ትምህርቶች መካከል ሙዚቃን ወይም ውዝዋዜን ይውሰድ? ወይስ ሰዓቱን ለተጨማሪ ሒሳብ ወይም ለኮምፒውተር ትምህርት ያውለው? ልጆቻቸውን ለማስተማር ሲሉ ብዙ መሥዋዕትነት ለከፈሉ ስደተኛ ወላጆች ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ሙዚቃውን የሚደግፉት ደግሞ ብዙውን ጊዜ «ሙዚቃ አንጎልን ያሳድጋል፣ የሒሳብ ውጤትንም ከፍ ያደርጋል» የሚል መልስ ይሰጣሉ። ይህ መልስ ምን ያህል እውነት ነው? ጥናቶቹን በጥንቃቄ የሚመረምር ሰው የሚያገኘው ምላሽ ከሁለቱም ወገን እምነት የተለየ ነው።

የሞዛርት ውጤትና የጆርጂያ ግዛት

የዚህ እምነት ታሪክ ከጆርጂያ ግዛት ጋር ቀጥተኛ ትስስር አለው። እ.ኤ.አ. በ1993 ፍራንሲስ ራውሸርና ባልደረቦቿ «ኔቸር» በተሰኘው የሳይንስ መጽሔት ላይ አንድ አጭር ጥናት አሳተሙ። በጥናቱ የተሳተፉት 36 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ተማሪዎቹ በተለያየ ጊዜ ለ10 ደቂቃ ያህል የሞዛርትን የሁለት ፒያኖ ሶናታ፣ ሰውነትን ዘና የሚያደርግ ምክርና ጸጥታን ካዳመጡ በኋላ ቅርፆችን በአእምሮ የማገላበጥ ፈተና ወሰዱ። ሞዛርትን ካዳመጡ በኋላ ያስመዘገቡት ውጤት ከሁለቱ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ተመራማሪዎቹ ልዩነቱ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ብቻ እንደሚቆይ በጽሑፋቸው ገልጸው ነበር።

ዜናው ግን ከጥናቱ ይልቅ ሰፍቶ ተሰራጨ። ተሳታፊዎቹ አዋቂዎች ሆነው ሳለ ወሬው ወደ ሕፃናት ተሻገረ፤ የደቂቃዎች ለውጥም የዕድሜ ልክ ብልህነት ተደርጎ ተነገረ። እ.ኤ.አ. በ1998 በወቅቱ የጆርጂያ አገረ ገዥ የነበሩት ዜል ሚለር በግዛቲቱ ለሚወለድ ለእያንዳንዱ ሕፃን የክላሲካል ሙዚቃ ቅጂ እንዲሰጥ 105,000 ዶላር በጀት ጠየቁ። ሐሳባቸውን ለሕግ አውጪዎቹ ባቀረቡበት ጊዜም አትላንታ በሚገኘው ምክር ቤት የቤትሆቨንን ሙዚቃ አሰምተዋል።

ከዚያ በኋላ የመጡት ጥናቶች ግን ተስፋውን አቀዘቀዙት። ሌሎች ቤተ ሙከራዎች ሙከራውን ሲደግሙት ውጤቱ ወይ አነሰ፣ ወይ ጨርሶ ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ አንድ ጥናት ልዩነቱ ሲታይ እንኳ ምክንያቱ የሞዛርት ረቂቅ ዜማ ሳይሆን ደስ የሚል ሙዚቃ ሰውን የሚያነቃቃ መሆኑ እንደሆነ አመለከተ። እ.ኤ.አ. በ2010 የቪየና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ወደ 40 የሚጠጉ ጥናቶችን አንድ ላይ አድርገው መረመሩ፤ ሞዛርትን ማዳመጥ የተለየ የአእምሮ ኃይል ይሰጣል ለማለት የሚያበቃ ማስረጃም አላገኙም። በአጭሩ ሙዚቃ ማዳመጥ ብቻውን ልጅን ብልህ አያደርግም።

ማዳመጥ ሌላ፣ መማር ሌላ

ይህ ማለት ግን ጥያቄው ተዘጋ ማለት አይደለም። በትምህርት ቤት ባንድ ውስጥ ያለ ልጅ የሚያዳምጥ ብቻ አይደለም፤ ይነፋል፣ ይመታል፣ ይቆጥራል፣ ይሳሳታል፣ ያርማል። ስለዚህ ሊጠየቅ የሚገባው ሙዚቃን መማር ምን ይለውጣል የሚለው ነው።

ይህን ለመመርመር አስቸጋሪ የሚያደርገው አንድ መሠረታዊ ችግር አለ። ሙዚቃ የሚማሩ ልጆች በአማካይ ከማይማሩት የተሻለ ውጤት ማምጣታቸው በብዙ ትምህርት ቤቶች ይታያል። ነገር ግን ሙዚቃ የሚማሩት ልጆች ብዙውን ጊዜ ወላጆቻቸው የተሻለ ገቢ ያላቸውና አስቀድሞም በትምህርታቸው ጠንካራ የሆኑ ናቸው። ውጤቱ ከሙዚቃው ይምጣ ወይስ ከቤተሰቡ ሁኔታ መለየት የሚቻለው ልጆቹ በዕጣ ሲመደቡ ብቻ ነው።

ግሌን ሼለንበርግ የተባለው የካናዳ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳተመው ጥናት ይህንን መንገድ ተከትሏል። በቶሮንቶ 144 የስድስት ዓመት ሕፃናትን በዕጣ በአራት ቡድን መደበ። አንዱ ቡድን የኪቦርድ፣ ሁለተኛው የመዝሙር፣ ሦስተኛው የድራማ ትምህርት ሲወስድ አራተኛው ምንም ሳይወስድ አንድ ዓመት ቆየ። የሁሉም ልጆች የአእምሮ ችሎታ መለኪያ ውጤት ከፍ ብሏል። ሙዚቃ የተማሩት በአማካይ ሰባት ነጥብ ሲጨምሩ የቀሩት ወደ 4.3 ነጥብ ጨመሩ። የሁለቱ ልዩነት ከሦስት ነጥብ ያነሰ ነው። ድራማ የተማሩት ልጆች ደግሞ ከሌሎች ጋር ተግባብቶ በመኖር ረገድ የሙዚቃዎቹ ያላሳዩትን መሻሻል አሳይተዋል።

በኋላ የመጡ ማስረጃዎች ይህችን ትንሽ ልዩነት ራሷን ጥያቄ ውስጥ አስገብተዋታል። እ.ኤ.አ. በ2020 ጆቫኒ ሳላና ፈርናንድ ጎቤ በ54 ጥናቶች የተካተቱ 6,984 ልጆችን መረጃ አንድ ላይ አጠናቅረው መረመሩ። ጥናቱ በጥንቃቄ በተሠራ ቁጥር፣ ማለትም ልጆቹ በዕጣ ሲመደቡና የማነጻጸሪያው ቡድንም ሌላ አስደሳች ትምህርት ሲሰጠው፣ ሙዚቃ በሒሳብ፣ በንባብም ሆነ በጠቅላላ የአእምሮ ችሎታ ላይ ያሳድራል የሚባለው ተጽዕኖ ወደ ዜሮ ተጠጋ። በመስኩ ይህንን ድምዳሜ የሚሞግቱ ተመራማሪዎች አሉ፤ ሆኖም «ሙዚቃ የሒሳብ ውጤትን ያሳድጋል» የሚለው ተስፋ በጠንካራ ማስረጃ የተደገፈ ነው ማለት አይቻልም።

የሚለወጠው ምንድን ነው?

አስተማማኝ የሚባሉት ለውጦች ልጁ በቀጥታ ከሚለማመደው ነገር ጋር የተያያዙ ናቸው፤ ከእነዚህም የመጀመሪያው መስማት ነው። በቺካጎ አቅራቢያ በሚገኘው ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ኒና ክራውስ የምትመራው ቤተ ሙከራ ልጆች ድምፅ ሲሰሙ አንጎላቸው የሚያመነጨውን ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ምልክት በራስ ቆዳ ላይ በሚለጠፉ መቀበያዎች ይመዘግባል። ተመራማሪዎቹ በሎስ አንጀለስ ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው ቤተሰቦች የመጡና ነፃ የሙዚቃ ትምህርት የሚከታተሉ ልጆችን መርምረው የንግግር ድምፆችን የመለየት አቅማቸው መሻሻሉን እ.ኤ.አ. በ2014 አሳውቀዋል። ለወላጆች ትልቁ ቁም ነገር ጊዜው ነው፤ ከአንድ ዓመት ትምህርት በኋላ የታየ ለውጥ አልነበረም፣ ለውጡ የመጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

ይኸው ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2015 በቺካጎ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ለሦስት ዓመት ተከታትሎ የደረሰበትን አሳትሟል። አንደኛው ቡድን በትምህርት ቤቱ የሙዚቃ ክፍል፣ ሁለተኛው በወጣቶች ወታደራዊ ሥልጠና ውስጥ ነበር። አንጎል ለድምፅ የሚሰጠው ምላሽ በጉርምስና ዘመንም ማደጉን ይቀጥላል፤ በሙዚቃው ቡድን ዕድገቱ የበለጠ ታይቷል። ተማሪዎቹ ምድባቸውን በዕጣ ሳይሆን በራሳቸው ምርጫ ስለያዙ ውጤቱ በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ቢሆንም በ12 ወይም በ13 ዓመት ሙዚቃ መጀመር «ረፍዷል» የሚለውን አስተሳሰብ ያናጋል።

ሁለተኛው ለውጥ በትምህርት ቤት ኑሮ ላይ የሚታይ ነው። በሂውስተን ከተማ ዳንኤል ቦወንና ብራያን ኪሲዳ 42 ትምህርት ቤቶችን ያሳተፈና ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉ 10,548 ተማሪዎችን ያካተተ ሙከራ አካሂደው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ አድርገዋል። ትምህርት ቤቶቹ ተጨማሪ የሙዚቃ፣ የውዝዋዜ፣ የቴአትርና የሥዕል ትምህርት እንዲያገኙ የተመረጡት በዕጣ ነበር። ዕጣ በወጣላቸው ትምህርት ቤቶች የዲሲፕሊን ጥፋት የተመዘገበባቸው ተማሪዎች ድርሻ በ3.6 መቶኛ ነጥብ ቀነሰ፤ የጽሑፍ ፈተና ውጤትና ለሌሎች የመራራት ስሜት ደግሞ ከፍ አለ። በሒሳብና በንባብ ፈተና ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ኪነ ጥበብ ከሌላው ትምህርት ሰዓት ወስዶ እንኳ ውጤቱን እንዳልጎዳ ልብ ማለት ያስፈልጋል።

አብሮ የመንቀሳቀስ ኃይል

ልጆቹ ሲያመልጡ በማይታወቅ ቅንጅት መድረክ ላይ አብረው ሲወዛወዙ ምን ይከናወናል? የሰው አንጎል ለምት የተለየ ዝግጁነት አለው። ሰው ዝም ብሎ ተቀምጦ ምት ያለው ሙዚቃ ቢያዳምጥ እንኳ እንቅስቃሴን የሚያቅዱ የአንጎል ክፍሎቹ ሥራ እንደሚጀምሩ በአንጎል ምስል ታይቷል። አንጎል የሚቀጥለውን ምት አስቀድሞ ይገምታል፤ ለዚህም ነው ከበሮው ሲመታ እግር የሚቀድመው እንጂ የማይከተለው። አብዛኛው ሰው በቀላሉ የሚከተለው ፍጥነት በሰከንድ ወደ ሁለት ምት ገደማ ነው።

ለኢትዮጵያውያን ልጆች እዚህ ላይ የተለየ ትርፍ አለ። በአሜሪካ የትምህርት ቤት ባንድ የሚዘወተረው ባለ አራት ምት አቆጣጠር ሲሆን እስክስታን የሚያጅበው ችክችካ ግን በስድስት ፈጣን ምቶች ላይ የተመሠረተ ነው። ስድስቱ ምቶች ሦስት ሦስት ሆነው በሁለት፣ ወይም ሁለት ሁለት ሆነው በሦስት ሊቆጠሩ ይችላሉ። ጭብጨባው አንዱን፣ ትከሻው ሌላውን ሊይዝ ይችላል። ሁለቱን አቆጣጠር በአንድ ጊዜ በሰውነት መያዝ የሠለጠነ የሙዚቃ ተማሪ ሁሉ የሚፈተንበት ችሎታ ነው፤ በሠርግና በበዓል መካከል ያደገ ልጅ ግን ሳያውቀው ይዞት ይመጣል።

ዜማን፣ እንቅስቃሴንና ትውስታን በአንድነት ማሠልጠን ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት የአቋቋም ተማሪ መቋሚያውን፣ ጸናጽሉንና ከበሮውን ከዜማው ጋር አስማምቶ የሚማረው በቡድን ሆኖ፣ ለዓመታት እየደጋገመ ነው። በጥምቀት በዓል ነጭ ለብሰው አብረው የሚያሸበሽቡ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችም የዚሁ ልማድ ወራሾች ናቸው።

የዚህ አብሮነት ውጤት በሙከራ ተለክቷል። ብሮንዊን ታርና የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት በብራዚል 264 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን በትናንሽ ቡድን አስወዛወዙ። አንዳንዶቹ ቡድኖች አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ በአንድ ጊዜ ሲያደርጉ ሌሎቹ የተለያየ ያደርጉ ነበር፤ ገሚሶቹ ቆመው በኃይል፣ ገሚሶቹ ተቀምጠው በዝግታ። ከዚያም የደም ግፊት መለኪያውን ክንድ ላይ አጥብቀው ሕመሙን እስከ ምን ድረስ እንደሚችሉት ለኩ። በኃይል መወዛወዝም ሆነ አብሮ መወዛወዝ፣ እያንዳንዳቸው ለየብቻ፣ ሕመምን የመቻል አቅምን አሳድገዋል፤ ተማሪዎቹም ለቡድናቸው የሚሰማቸው ቅርበት ጨምሯል። ተመራማሪዎቹ ይህንን ሰውነት ራሱ ከሚያመነጨው ኢንዶርፊን ከተባለው ሕመም አስታጋሽ ንጥረ ነገር ጋር ያያይዙታል። አዲስ አገር፣ አዲስ ክፍል ውስጥ ለገባ የ12 ዓመት ልጅ ከማያውቃቸው 20 ልጆች ጋር መቀራረብ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ የስደት ኑሮን የቀመሰ ሁሉ ያውቀዋል።

ሁለት የድምፅ ሥርዓት፣ አንድ ጆሮ

በትምህርት ቤቱ የሚገኘው ፒያኖ አንድን ስምንዮሽ፣ ማለትም የንዝረቱ ድግግሞሽ እጥፍ እስኪሆን ያለውን ርቀት፣ ለ12 እኩል ደረጃዎች ይከፍላል። እያንዳንዱ ደረጃ ከበፊቱ በ6 በመቶ ገደማ ይበልጣል። የኢትዮጵያ ቅኝቶች ደግሞ አምስት አምስት ድምፆችን ይመርጣሉ። ትዝታ በሙሉ መልኩ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶልና ላን ይይዛል፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት በደረጃ ሲቆጠር 2፣ 2፣ 3፣ 2፣ 3 ነው። ይህ አምስትዮሽ ለአትላንታ ጆሮ እንግዳ አይደለም፤ በጥቁር አሜሪካውያን አብያተ ክርስቲያናት የሚዜመው «አሜዚንግ ግሬስ» ዜማው የተዋቀረው በእነዚሁ አምስት ድምፆች ነው። ትዝታን በክራር የለመደ ልጅ በመዘምራን ክፍል ውስጥ ቤተኛ የሚሆነው ለዚህ ነው።

አንቺሆዬ ግን የተለየ ነው። ርቀቱ 1፣ 4፣ 1፣ 3፣ 3 ሲሆን በምዕራባውያን የልጆች መዝሙር ፈጽሞ የማይለመዱ ዝላዮች አሉት። በዚህ ላይ ማሲንቆ ተጫዋች ጣቱን የሚያሳርፍበት ቦታ የፒያኖን እኩል ደረጃ የመጠበቅ ግዴታ የለበትም። አንድ ልጅ ሁለቱንም ሥርዓቶች ሲሰማ አንዱ «ትክክል»፣ ሌላው «የተሳሳተ» እንዳልሆነ፣ ይልቁንም ሁለቱ የተለያዩ ምርጫዎች እንደሆኑ በጆሮው ይረዳል።

ድምፅ ሲሰበር

የመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መዘምራን ከሌሎቹ የሚለዩበት አንድ ጉዳይ የድምፅ ለውጥ ነው። ድምፅ የሚፈጠረው በማንቁርት ውስጥ ያሉት ሁለት የድምፅ አውታሮች አየር ሲገፋቸው ሲንቀጠቀጡ ነው። እንደ ክራር ጅማት ሁሉ አውታሩ ሲረዝምና ሲወፍር ንዝረቱ ይዘገያል፣ ድምፁም ይጎረናል። በጉርምስና የወንዶች ማንቁርት በፍጥነት ስለሚያድግ በሰከንድ ከ250 ንዝረት በላይ የነበረው የንግግር ድምፅ ወደ 120 ገደማ ይወርዳል፤ ይህም አንድ ስምንዮሽ ያህል ነው። የሴቶችም ይወርዳል፣ ነገር ግን በጥቂቱ።

በሽግግሩ ወራት አንጎል የለመደው የጡንቻ ቁጥጥርና አዲሱ ማንቁርት ስለማይጣጣሙ ድምፁ ድንገት ይሰነጠቃል። ልጁ «ድምፅ የለኝም» ብሎ ሊያፍርና ሊያቋርጥ የሚችለው በዚህ ጊዜ ነው። ጥሩ መምህር ለዚህ የሚያደርገው ዜማውን ወደ ጠበበና ልጁ ወደሚችለው ክልል ማውረድ ነው። ወላጅም ይህ በሽታም የችሎታ ማነስም እንዳልሆነ ቢነግረው ልጁ እንዲጸና ይረዳዋል።

አዳራሹም ይጫወታል

ብዙ ትምህርት ቤቶች ዝግጅታቸውን የሚያቀርቡት ለሙዚቃ በተሠራ አዳራሽ ሳይሆን በጂምናዚየም ወይም በመመገቢያ አዳራሽ ነው። እዚያ ሁለት የፊዚክስ ችግሮች ይገጥሟቸዋል።

የመጀመሪያው የድምፅ ፍጥነት ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። ከበሮ መቺው ከአንዲት ተወዛዋዥ 30 ሜትር ቢርቅ ምቱ የሚደርሳት 87 ሺኛ ሰከንድ ዘግይቶ ነው። በሰከንድ ሁለት ዋና ምት በሚሄድ ችክችካ እያንዳንዷ ፈጣን ምት 167 ሺኛ ሰከንድ ስለምትፈጅ መዘግየቱ የአንዷን ምት ግማሽ ይበልጣል። በጆሮዋ ብቻ የምትከተል ልጅ ያለ ጥፋቷ ከምት ትወጣለች። የባንድ መሪው በትር ለዓይን የሚታይ የሆነው፣ ከበሮውም ከተወዛዋዦቹ አጠገብ መቀመጥ ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ማስተጋባት ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 ዋላስ ሳቢን የተባለ ወጣት የሃርቫርድ ፊዚክስ መምህር ንግግር የማይሰማበት አንድ አዳራሽ እንዲያስተካክል ታዘዘ። ከሌላ ቲያትር የወንበር ትራስ እያስመጣ ድምፁ ለመጥፋት የሚወስደውን ጊዜ ለካ። የደረሰበት ሕግ ዛሬም ይሠራል፦ ድምፁ የሚቆይበት ጊዜ የአዳራሹ ይዘት በኪዩቢክ ሜትር በ0.161 ተባዝቶ፣ ድምፅ በሚመጥጠው ስፋት ሲካፈል ይገኛል።

ለምሳሌ 30 ሜትር ርዝመት፣ 20 ሜትር ስፋትና 8 ሜትር ቁመት ያለው ጂምናዚየም 4,800 ኪዩቢክ ሜትር ይይዛል። የግድግዳው፣ የወለሉና የጣሪያው አጠቃላይ የመምጠጥ አቅም 300 ካሬ ሜትር ቢሆን ድምፁ 2.6 ሰከንድ ያስተጋባል። በአሜሪካ መመዘኛ ለተለመደው የመማሪያ ክፍል የተቀመጠው ጣሪያ 0.6 ሰከንድ መሆኑን ስናስብ ቃላትና ምቶች ምን ያህል እንደሚደበላለቁ እንረዳለን። አንድ ተቀምጦ የሚያዳምጥ ሰው ግን ግማሽ ካሬ ሜትር ያህል ይመጥጣል። ስለዚህ 300 ሰው ሲገባ የመምጠጥ አቅሙ 450 ይሆናል፣ ማስተጋባቱም ወደ 1.7 ሰከንድ ይወርዳል። በባዶ አዳራሽ ሲለማመድ የተጨነቀ ባንድ በዝግጅቱ ምሽት የሚሻሻለው አንድም በዚህ ነው፤ የወላጆች መገኘት ለልጆቹ ሞራል ብቻ ሳይሆን ለድምፁ ጥራትም አስተዋጽኦ አለው።

በልምምድ ክፍል ውስጥ ደግሞ የጆሮ ደኅንነት መታሰብ አለበት። ዋና መሥሪያ ቤቱ አትላንታ በሆነው የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ ሥር ያለው የሥራ ደኅንነት ተቋም በቀን ለስምንት ሰዓት 85 ዴሲቤልን እንደ ጣሪያ ያስቀምጣል። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ 94 ዴሲቤል ላይ አንድ ሰዓት፣ 100 ዴሲቤል ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ይሆናል። ይህ ለሠራተኞች የወጣ ቢሆንም ከከበሮና ከነሐስ መሣሪያዎች አጠገብ ለሚቀመጥ ልጅ የጆሮ መከላከያ ለምን እንደሚበጅ ያስረዳል።

የመድረክ ፍርሃት

መድረክ ላይ ከመውጣት በፊት ልብ ይመታል፣ እጅ ይረጥባል። ይህ አድሬናሊን የተባለው ሆርሞን ሰውነትን ለሥራ ሲያዘጋጅ የሚታይ ነው። ብዙ ወላጆች «ተረጋጋ» ይላሉ። የሃርቫርድ ተመራማሪዋ አሊሰን ዉድ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተመችው ጥናት ግን ሌላ መንገድ ይጠቁማል። በሰው ፊት እንዲዘፍኑ ከተጠየቁት ተሳታፊዎች መካከል አስቀድመው «ጓጉቻለሁ» ብለው የተናገሩት «ፈርቻለሁ» ካሉት የተሻለ ዘፍነዋል። ፍርሃትና ጉጉት በሰውነት ላይ የሚያሳዩት ምልክት ተመሳሳይ ስለሆነ አንዱን ወደ ሌላው መለወጥ የተነቃቃን ሰውነት በአንድ ጊዜ ከማረጋጋት ይቀላል።

በአትላንታ ያሉ ዕድሎች

ከመደበኛው የትምህርት ቤት ክፍለ ጊዜ ውጭም አማራጮች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 የተመሠረተው አትላንታ ሚውዚክ ፕሮጀክት ዕድሉ ባልደረሳቸው ሰፈሮች ለሚኖሩ ልጆች የኦርኬስትራና የመዘምራን ሥልጠና ይሰጣል፤ መነሻ ሐሳቡ ሆሴ አንቶኒዮ አብሬዩ እ.ኤ.አ. በ1975 በቬንዙዌላ የጀመሩት ኤል ሲስቴማ ነው። በዲካልብ ካውንቲ የሚገኘው ዲካልብ ስኩል ኦፍ ዘ አርትስ ከ8ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎችን በፈተና ተቀብሎ ያስተምራል። ጆርጂያ ቴክ ያዘጋጀው ኢርስኬች የተባለ ነፃ የኮምፒውተር መድረክ ደግሞ ተማሪዎች በፓይተን ወይም በጃቫስክሪፕት ኮድ እየጻፉ ሙዚቃ እንዲያቀናብሩ ያደርጋል፤ ሙዚቃና ኮምፒውተር የግድ ተፎካካሪ እንዳልሆኑም ያሳያል።

ወላጆች የትምህርት ቤቱን መርሐ ግብር ሲመዝኑ ሊጠይቋቸው የሚገቡ ጥቂት ጥያቄዎች አሉ። ልጁ በሳምንት ስንት ጊዜ ይለማመዳል? ቢያንስ ለሁለት ዓመት የመቀጠል ዕድል አለው? መሣሪያ ለመግዛት አቅም የሌለው ቤተሰብ በውሰት ያገኛል? የልምምድ ክፍሉ የጆሮ መከላከያ ያቀርባል? መምህሩ ልጆቹ ከቤታቸው ይዘውት ለሚመጡት ዜማና ውዝዋዜ ቦታ ይሰጣል?

የሙዚቃና የውዝዋዜ ትምህርትን በሒሳብ ውጤት ስም መከላከል ጠቃሚ ቢመስልም አደጋ አለው። ተስፋ የተደረገው የሒሳብ ውጤት ሳይመጣ ሲቀር በጀቱን ለመቁረጥ የሚፈልግ ሁሉ ምክንያቱን በእጁ ያገኛል፤ ወላጅም ልጁን ከባንዱ ያወጣል። ማስረጃው የሚደግፈው መከራከሪያ ከዚህ ይልቅ ትሑትና ጽኑ ነው። በጊዜ ሂደት የሚሠላ ጆሮ፣ ምትን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰውነት፣ ከሌሎች ጋር የመተባበር ልማድና በሰው ፊት የመቆም ድፍረት ከዚህ ትምህርት ይገኛሉ። የጊዜ ሰሌዳውን ቅጽ የሚሞላ ወላጅም «ሒሳብ ወይስ ሙዚቃ» ብሎ ከመጨነቅ ይልቅ ልጁ በእነዚህ ዓመታት ከእነዚህ የትኛው ይበልጥ እንደሚያስፈልገው ቢጠይቅ ወደ ትክክለኛው ውሳኔ ይቀርባል።